እንቁላሉ ነጭ አይደለም

ጉራ አይሁንብኝና፣ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ቀለም የለም። ስሜን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚለኝ። የሙሽራ ፊት ቢጫ ሆኖ ሲመጣ፣ የመጽሔት ሽፋን ላይ ያለችው ተዋናይት ጥርሷ ሰማያዊ ሲሆን፣ «ሚዛን ትየው» ይባላል። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ እፈርዳለሁ። እኛ ዘንድ ፎቶ እንደ ሰው ይታመማል። ፀሐይ መታው፣ ብርድ መታው እንደሚባለው እኛ «አረንጓዴ መቶታል»፣ «ቢጫ መቶታል» እንላለን። ዛፍ ሥር የተነሳን ሰው አረንጓዴ ይመታዋል፣ አምፖል ሥር የተነሳውን ቢጫ፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠውን ሰማያዊ። መድኃኒቱ የመታውን ቀለም ተቃራኒ መጨመር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ እያከምኩ ኖሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ጉራ መሃል የገዛ እናቴን ፎቶ ልገድል ነበር።

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ሸጣለች። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ግድግዳው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ የክር ጥቅል ነበር። ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ እሷ ጨርቁን ተቀብላ መጀመሪያ ወደ በር ትወጣለች። አምፖል ሥር ክር መርጣ አታውቅም። «መብራት ይዋሻል» ትላለች። በቀን ብርሃን አንዴ አይታ ትመለስና እጇን ወደ መደርደሪያው ትሰዳለች፤ ያወጣችው ክር ጨርቁ ላይ ሲቀመጥ ይጠፋል፣ የት እንዳለ አይለይም። ሁለት መቶ አርባ ዓይነት ክር በየቁጥሩ ታውቃለች። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠች ግን ሰው ስለ ትምህርት ሲያነሳ «እኔ እንኳ ቀለም አልቆጠርኩም» ብላ አንገቷን ትደፋለች። ይሄን ስትል ሁልጊዜ እስቅባታለሁ፤ ቀለም እሷ ካልቆጠረች ማን ሊቆጥር ነው?

ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሱቁን ዘጋች። ቤት መዋሉን ግን አልቻለችበትም። «እኔ የቤት ዕቃ ነኝ እንዴ?» እያለች ሁለት ወር አሳበደችኝ። ማተሚያ ቤታችን አሮጌ ካሜራዎቹን ሲያስወግድ አንዱን ከነረጅም ሌንሱ አመጣሁላት። እውነቱን ልናገር፣ ዝም እንድትልልኝ ብዬ ነው።

ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ከማድ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የጀርባውን ግንብ የሸፈነ ሐረግ አለ። አንድ ጠዋት ከጭብጥ የማትበልጥ ግራጫ ወፍ ጭራሮ በአፏ ይዛ ሐረጉ ውስጥ ገባች። እናቴ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእኛ መሆኑ ቀረ። መስኮቱ ላይ መጋረጃ ሰቀለችና ሌንሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ቀደደችለት፤ አሮጌ መጋረጃ እያለ አዲሱን ነው የቀደደችው። ሬዲዮ ተከለከለ። ድስት ማንኳኳት ተከለከለ። ፍላሽ የሚለውን ቃል ሳነሳማ «አራስ ቤት መብራት ይተኮሳል?» ብላ ተቆጣችኝ።

የታችኛዋ ጎረቤታችን ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ከሐረጉ ሥር ያልፋል። እናቴ ያንን ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወርዳ ለአምስት ሳምንት ብቻ ገመዱን እንድታነሳ ለመነቻት።

«ለወፍ ብዬ ልብሴ ይሻግት?» አለች ጎረቤታችን።

«አንቺ ነፍሰ ጡር ሳለሽ ይሄን ደረጃ ማን ነበር የሚጠርግልሽ?» አለች እናቴ።

ገመዱ ተነሳ።

ጎጆው ከመስኮታችን ዝቅ ስለሚል ከላይ ወደ ውስጡ ያሳያል። ወፏ እንቁላሎቿን ስትታቀፍ ውላ ለምግብ የምትነሳው ለአራት ለአምስት ደቂቃ ነው፣ እንቁላሎቹ የሚታዩትም ያኔ ብቻ ነው። ለዚያች አራት ደቂቃ እናቴ ስድስት ቀን ሙሉ ጉልበቷ ሥር ትራስ አድርጋ ተቀመጠች። አንዱን ቀን ደመና አበላሸባት፣ አንዱን ቀን ነፋስ። በስድስተኛው ቀን አራቱን እንቁላሎች ጥርት አድርጋ አነሳቻቸው። ከመጀመሪያው ጭራሮ ጀምሮ የመጨረሻው ጫጩት ዘሎ እስከሄደ ድረስ አሥራ ስምንት ፎቶ መረጠች።

የወፍ ወዳጆች ማኅበር በከተማ ውስጥ ጎጆ ስለሚሠሩ ወፎች መጽሐፍ ሊያሳትም ፎቶ ይሰበስብ ነበር። ትንንሽ ቅጂዎችን ላክንላቸው። አሥራ ስምንቱንም ወደዷቸው፤ አራት ገጽ ሰጥተናታል፣ ዋናዎቹን ፎቶዎች ላኩልን አሉ። እናቴ ወሬውን ለዘመድ አዝማድ በስልክ ለማዳረስ ሁለት ቀን ፈጀባት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በቤታችን ሁልጊዜ የሚወራው የእኔ ሥራ ነበር፤ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። ታዲያ እንዲሁ ሊላክ ነው? በጥሬው? «ቆይ፣ ቀለሙን ላስተካክልልሽ» አልኳት።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍታቸው ሐረጉ ሥራውን ሠርቶ ጠብቆኛል፤ ሁሉንም አረንጓዴ መቷቸዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ላይ ጠብታ የምትመስል ምልክት አለች፤ ፎቶው ውስጥ ነጭ መሆን ያለበትን ነገር ፈልጎ በሷ መንካት ነው፣ የቀረውን ራሱ ያስተካክለዋል። ጎጆ ውስጥ ነጭ ነገር ምን አለ? ቅጠል አይደለም፣ ጭራሮ አይደለም። እንቁላል ነዋ! እንቁላል ነጭ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መሆንም አያስፈልግም። ነካሁት። እንቁላሎቹ እንደ ኖራ ነጡ፣ ጭራሮው ሞቅ ብሎ ቀላ። እንዴት እንዳማረኝ!

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

«ነጭ ናቸው እንዴ?» አለች።

«ነጭ ናቸው እማዬ፣ አረንጓዴ መቷቸው ነው።»

«እኔ እንኳ ሳያቸው…»

«አንቺ ያየሻቸው በቅጠል ጥላ ውስጥ ነው።»

ዝም አለች። ባለሙያ ልጅ ያላት እናት እንዲያ ነው ዝም የምትለው። ሌሎቹንም በዚያው መንገድ አስተካክዬ ላክሁ፤ የእንቁላሉን ለቤት የሚሆን አንድ አተምኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሥራ ቦታ እያለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። የማኅበሩ የወፍ ተመራማሪ ነው፣ ሁሉም ዶክተሩ የሚለው። በማኅበሩ ውስጥ ስለ ወፍ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ መሆኑን ሰምቻለሁ። ድምፁ የታመመ ሰው ቤተሰብን እንደሚያናግር ሐኪም ለስለስ ያለ ነበር።

«የዚህች ወፍ እንቁላል ውሃ ሰማያዊ ነው» አለ። «በእናትዎ ፎቶ ላይ ነጭ ነው። ወይ እንቁላሉ የሌላ ወፍ ነው፣ ወይ ፎቶው ተነካክቷል።»

«ምን ማለትዎ ነው? እናቴ እንቁላል ተሸክማ ሄዳ ጎጆ ውስጥ ጨመረች?»

«እኔ አላልኩም። ከኮሚቴው ግን እንደዚያ ያሉ አሉ። ሐሙስ ተሰብስበን እንወስናለን። እስከዚያ ማስረጃ ካላገኘን እናወጣዋለን፤ አንዱን ብቻ አይደለም፣ አሥራ ስምንቱንም።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የሌላ ወፍ እንቁላል እዚያ ጎጆ ውስጥ ካየሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የማልኩበት ዓይን አስቀድሞ ግንባር ሆኖ እንደነበር አላወቅሁም።

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሁሉ አሰብኩ። ማስረጃ ከየት ይመጣል? ጫጩቶቹ በርረዋል፣ ጎጆው ባዶ ነው። እናቴ በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ክር አሳስታ ሰጥታ ሰው አልተመለሰባትም። አሁን በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ በጉልበት ሕመሟ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ብላ የሠራችው ሥራ «የውሸት» ሊባል ነው። ዘመድ ሁሉ ደግሞ መጽሐፉ መቼ ይወጣል እያለ ይደውላል።

ድንች እየላጠች አገኘኋት። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ «እስቲ ያተምሽውን አምጪው» አለች። ሰጠኋት። ወደ ደረጃው በር ይዛው ወጣች። አየችው። ብዙ ቆየች።

«እንቁላሉ ነጭ አይደለም» አለች። «ክሩን አላየሽውም?»

«የቱን ክር?»

«በየጠዋቱ መጀመሪያ የማነሳውን ነዋ!»

ያኔ ትዝ አለኝ። ትዝ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የየቀኑ የመጀመሪያ ፎቶ ላይ፣ በመወልወያ እንጨት ጫፍ ታስሮ ከሐረጉ ሥር የተንጠለጠለ አንድ ጥቅል ነጭ ክር ነበር። ሠላሳ ያህል የክር ፎቶ። ሳታስበው የካሜራውን ቁልፍ እየነካችው ነው ብዬ ነበር። ስቄ ሁሉንም ከኮምፒውተሬ ላይ ሰረዝኳቸው፤ ሥራ ቦታም «እናቴ ወፍ ትታ ክር ማንሳት ጀምራለች» ብዬ አስቄባታለሁ።

«ወፏ ስትነሳ ጠብቄ ከጎጆው ራቅ አድርጌ ነው የማንጠለጥለው፣ እዚያው ሐረግ ሥር፣ እዚያው ብርሃን ላይ» አለች። «ነጩ ክር ነጭ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። እሱን አረንጓዴው ምን ያህል እንደመታው ካየሽ፣ እንቁላሉንም ምን ያህል እንደመታው ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ባለሙያ አይደለሽ? ይገባታል ብዬ ነዋ።»

ደሜ ፈላ፣ በራሴ ላይ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ፎቶ ስታነሱ ግራጫ ወረቀት ከጎኑ አስቀምጣችሁ አንሱ፣ ቀለሙን በሱ ትለኩታላችሁ» እያልኩ የማስተምር እኔ ነኝ። ማንም ያላስተማራት እናቴ ያንኑ በነጭ ክር ሠርታ ሰጥታኛለች፤ እኔ ደግሞ ቆሻሻ ነው ብዬ ጥዬዋለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

«እማዬ፣ ሰርዣቸዋለሁ» አልኳት።

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ። «አንቺ ሰረዝሽ እንጂ እኔ መቼ ሰረዝኩ?» ብላ ከቁም ሣጥኑ የመርፌ ቆርቆሮዋን አወጣች። ውስጡ የካሜራው ሚሞሪዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ በተለያየ ቀለም ክር ታስሯል። ሚሞሪ ግዢልኝ እያለች ስትጨቀጭቀኝ «ኧረ የሞላው ይሰረዛል እኮ» እያልኩ የተነጫነጭኩባቸው። «የሸጥኩትን ክር ናሙና ጥዬ አላውቅም፤ ፎቶ እጥላለሁ?» አለች።

የእንቁላሉን ቀን በቀይ ክር ነበር ያሰረችው። ከፈትኩት። ነጩ ክር ቅጠሉ ሥር ሎሚ መስሎ ተንጠልጥሏል። ጠብታዋን አምጥቼ ክሩን ነካሁት። ክሩ ነጣ። ያንኑ ልክ ወስጄ የጎጆው ፎቶ ላይ አደረግሁት። አረንጓዴው ከጭራሮው ላይ ተነሳ፣ ከቅጠሉ ጠርዝ ላይ ተነሳ፣ ከእንቁላሎቹም ላይ ተነሳ። እንቁላሎቹ ግን አልነጡም። ፈዘዝ ያለች፣ ውሃ የመሰለች ሰማያዊ ቀረችባቸው። አረንጓዴው የመታቸው ነበር፤ ሰማያዊው የራሳቸው ነው። እኔ በሽታውን ሳወጣ ደማቸውንም አብሬ አውጥቼው ኖሯል።

እናቴ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ጠጋ አለች። አየሽ አላለችም። አልኩሽ አላለችም። «ስልሳ ሁለት ቁጥር ነው» አለች ብቻ፣ ከክሮቿ መሃል አንዱን እንደምትጠራ ሁሉ፣ ወደ ድንቿም ተመለሰች። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ኩራት ነው ያስለቀሰኝ።

ሐሙስ ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው የወፍ ሥዕል፣ ጠረጴዛው የወረቀት ክምር፣ ጣሪያው ላይ ጢዝ እያለ የሚበራ ረጅም አምፖል። ዶክተሩ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው። ከጎኑ ሦስት የኮሚቴ አባላት አሉ፣ ከነሱ አንዱ ማተሚያ ቤታችን የሚመላለስ ደንበኛ ስለሆነ ያውቀኛል።

«ከመጀመራችሁ በፊት» አልኩ ሳልቀመጥ፣ «እንቁላሉን ነጭ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እናቴ ነጭ አይደለም ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

«ሚዛን ተሳሳተች?» አለ የሚያውቀኝ ሰው፣ ዓይኑ እየሳቀ።

«ተሳሳተች» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚያ ሳቅ መልስ አላጣም ነበር።

የክሩን ፎቶ፣ የጎጆውን ጥሬ ፎቶ፣ የታረመውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ዶክተሩ ለረጅም ጊዜ አቀርቅሮ አየ። ከዚያ ተነስቶ ከቁም ሣጥን አንድ መሳቢያ ይዞ መጣ። ጥጥ ላይ የተደረደሩ አምስት አሮጌ የእንቁላል ቅርፊቶች ናቸው፣ ሁሉም ሰማያዊ መሰል፤ የስማቸው ወረቀት በግንባሩ ተደፍቷል።

«እናቴ» አላት፣ «ከነዚህ ውስጥ እርስዎ መስኮት ሥር የነበረው የትኛው ነው?»

ፈተና ነው። እናቴ መሳቢያውን አየችው፣ ቀና ብላም አምፖሉን አየችው።

«በዚህ መብራት አልፈርድም» አለች።

ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች፤ ልደግፋት ስል እጄን ገፋችው። መሳቢያውን መስኮቱ ጋ አስወሰደችና ከቦርሳዋ ስልሳ ሁለት ቁጥሯን የክር ጥቅል አወጣች። ቅርፊቶቹን ሳትነካ ክሩን ከአንዱ ወደ አንዱ አሻገረችው። ሦስተኛው አጠገብ ስትደርስ ክሩ ጠፋ።

«ይኼኛው ነው። ያኛው ይጠቁራል፣ እሱ ስልሳ አራት ነው። ይሄ ዳር ያለው ደግሞ ቀለሙ እንዲህ አልነበረም፣ ዕድሜ መቶት ነው።»

ዶክተሩ የሦስተኛውን ወረቀት ገለበጠ። አንብቦ ለኮሚቴው አሳየ። የእኛዋ ወፍ ስም ነው።

«የት ነው የተማሩት?» አላት በመጨረሻ።

«ኧረ እኔ ቀለም አልቆጠርኩም የኔ ጌታ» አለች፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ።

«ታዲያ እኛ ምን ስንቆጥር ኖርን?» አለ ዶክተሩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የእናቴን አንገት ነበር የማየው፣ ቀስ እያለ ቀና ሲል። በሕይወቴ ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ፣ ለራሴ። አንዱም የዚያን ቀን ያህል ደረቴን አልነፋውም።

አሥራ ስምንቱም ፎቶዎች ይገባሉ ተባለ። እንዲያውም የክሩ ፎቶ ከእንቁላሉ ፎቶ ጎን በትንሹ ይውጣ፣ ሌላውም ይማርበት አሉ። ዶክተሩ ቅጽ አውጥቶ ለመጽሐፉ የሚሆነውን መሙላት ጀመረ። ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጠየቃት፣ እየተጠነቀቀ ጻፈው።

«ሙያ?»

በየቢሮው ስለ እሷ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ጡረታ ላይ ናት፣ በፊት ክር ትሸጥ ነበር እላለሁ። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ!

«ፎቶ አንሺ» አለች። ዶክተሩ ቀና ብሎ ሲያያት ያልሰማ መሰላት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ፎቶ አንሺ ነኝ። ይጻፉ።»

ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የቀለም አራሚ የሚል ቦታ አለ። እርስዎስ?»

«ልጇ ነኝ» አልኩ።

«ሙያዎን ነው የጠየቅሁት እኮ።»

«ገብቶኛል» አልኩት። «ልጇ ብለው ይጻፉልኝ።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበና ያልኩትን ጻፈ።